የፀሐይ ኔቡላ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው «መሬት ከፀሐይ ተፈንጥራ የወጣችና ቀስ በቀስ የቀዘቀዘች ቁራጭ ናት፤ ሳይንሱ የፀሐይ ኔቡላ የሚለውም ይህንኑ ነው» ብለው ሲያስረዱ ሰማሁ። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ሁሌም ያናድደኛል፤ ኔቡላ ማለት ተቃራኒው ነዋ!

የፀሐይ ኔቡላ ፀሐይ ራሷ የተሠራችበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በስበት ተሰበሰበ፣ እየተሽከረከረ ጠፍጣፋ ሆነ። መሃሉ ፀሐይ ሆነ፤ ፕላኔቶች ከዙሪያው ተሠሩ።

የቡሄ ዕለት እናት ከአንድ ቡሖቃ ሊጥ ድፎውን ትደፋለች። ለሆያ ሆዬ ልጆች ደግሞ ሙልሙል ትጋግራለች። ሙልሙሉን ከድፎው ተቆርሶ የመጣ ነው የሚል አለ? ሊጡ ነው አንድ። እዚህ ግን ድፎው ሁሉን ጠቅልሎ ወስዷል፤ ከስርዓተ ፀሐይ ቁስ 99.8 በመቶው ፀሐይ ውስጥ ነው። ፕላኔቶች የተሠሩት ቡሖቃው ላይ ተጣብቆ ከቀረው ነው። ለምድጃው የቀረቡት ደረቁ፤ መሬትና ማርስ ድንጋይና ብረት የሆኑት ለዚህ ነው። ራቅ ያለው ጁፒተር ጋዙን አጠራቀመ።

ማስረጃ ካላችሁኝ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዱ። ውስጡ ካሉት የሃይድሮጅን አቶሞች ከ6,400 ገደማ አንዱ ዲዩቴሪየም የሚባለው ከባድ ሃይድሮጅን ነው። ፀሐይ ግን የራሷን ዲዩቴሪየም ገና በልጅነቷ አቃጥላ ጨርሳዋለች። ከእሷ ተቆርሰን ቢሆን ይህ ከየት ይመጣ ነበር?

እርግጥ ሊጡ እኩል አልታሸም ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጄነሲስ የተባለችው መንኮራኩር የፀሐይን ነፋስ (ከፀሐይ የሚፈልቁ ቅንጣቶችን) ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ2004 ከላከችልን በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ የፀሐይ ኦክስጅን ከመሬት ኦክስጅን በአይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የተለያየ አቶሞች) ድርሻው እንደሚለይ ታወቀ። «አንድ ሊጥ» ስል ይህን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የስርዓተ ፀሐይ ዕድሜም ቢሆን የተለካው ፀሐይ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሜክሲኮ ላይ አዬንዴ የተባለ የሰማይ ድንጋይ ወደቀ። ሲሰነጠቅ፣ በጥቁሩ አካል ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆኑ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። ኔቡላው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የጠጠሩት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ሲለኩ 4 ቢሊዮን 567 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። መሬት ተሠርታ እስክታልቅ ከዚያ በኋላ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ፈጅቶባታል።