ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ድሮኖች ግን ይጋጫሉ

ድሮን የሚያበሩ ሰዎች ሲጨዋወቱ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። በቅንነት ነው የሚነገሩት። ግን ሰው ሊያስጎዱ ስለሚችሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ሁለት ሚጢጢ ድሮኖች የት ይገናኛሉ?»

ሰፊስ ሰፊ ነው። እኛ ግን አንድ ጥግ ላይ ነው የምንሰበሰበው። ሁሉም ያንኑ ፏፏቴ፣ ያንኑ ድልድይ መቅረጽ ይፈልጋል፤ ያውም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ብርሃኑ ሲያምር። በአሜሪካም በአውሮፓም የተለመደው የከፍታ ጣሪያ 120 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁላችንም ከዚያ በታች ነን። ሪተርን ቱ ሆም የሚባለውም አለ። ሲግናል ሲቋረጥ ድሮኑ አስቀድሞ በተሞላለት ከፍታ ወደተነሳበት ቦታ ይመለሳል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ይህን ቁጥር ሳይነኩት ከተዉት፣ ድሮኖቻቸው በአንድ ከፍታ ወደ አንድ ቦታ ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። አንዱ 40፣ ሌላው 60 ሜትር ላይ ያድርገው።

«እኔ 20 ሜትር ላይ ነኝ፣ እሱ 60 ላይ፤ አንነካካም»

ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር የሚለካው ድሮኑ ከተነሳበት መሬት ነው። እናንተ ኮረብታው አናት ላይ፣ ሰውየው ደግሞ 40 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሥሩ ቆማችሁ ከሆነ፣ የእናንተ 20 እና የእሱ 60 አንድ ከፍታ ናቸው።

«ሴንሰር አለው፤ ራሱ ይሸሻል»

ሴንሰሩ ግድግዳና ዛፍ ለማየት ይረዳል። በፍጥነት የሚመጣ ትንሽ ድሮን ግን ሊያመልጠው ይችላል። ብዙዎቹ ድሮኖች በስፖርት ሞድ (በከፍተኛ ፍጥነት በሚበሩበት አሠራር) ሲበሩ ደግሞ ሴንሰሩ ጭራሽ አይሠራም። እስቲ እናስላው። ሁለቱም በሰከንድ 15 ሜትር ፊት ለፊት ቢመጡ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰከንድ 30 ሜትር ያጥራል። 60 ሜትር ላይ ብታዩት እንኳ የቀራችሁ 2 ሰከንድ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሁለቱም አቅጣጫና ፍጥነት ሳይቀይሩ እየበረሩ ከሆነ፣ የሚጋጫችሁ ድሮን ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ አይልም። አንድ ቦታ ላይ እንደ ነጥብ ይቆምና መጨረሻ ላይ በድንገት ይተልቃል። ዓይናችን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው ቶሎ የሚይዘው። ከጎን ወይም ከላይ የሚመጣውንማ ካሜራው አያሳያችሁም። ሰማዩን ብቻ የሚያይ አንድ ጓደኛ አጠገባችሁ ይቁም የምለው ለዚህ ነው።

«ሪሞት አይዲ ያስጠነቅቀኛል»

አያስጠነቅቅም። ሥራው ድሮኑ የማን እንደሆነና የት እንዳለ ማሳወቅ ነው።

«ከ250 ግራም በታች ነው፤ ቢጋጭስ ምን ያመጣል?»

አራት ፕሮፔለር ያለው ድሮን አንዱ ከተሰበረበት አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። ከታች ሰርገኛ ሊኖር ይችላል፣ ሕፃናትም እየተጫወቱ ይሆናል። ጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት ስትነድ፣ ዲጄአይ ሚኒ ከሚባሉት ትንንሾቹ አንዱ ውሃ እያመላለሰ እሳት የሚያጠፋ አውሮፕላን መታ። ክንፉ ላይ ወደ 7 በ15 ሴንቲሜትር የሚሆን ቀዳዳ ተከፈተ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ግን እሳቱ ገና እየነደደ ለጥገና ቆመ። ባለድሮኑ እሳቱ ያደረሰውን ጉዳት ለማየት ብሎ ነበር ከመኪና ማቆሚያ ፎቅ ያስነሳው። ድሮኑ ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ከዓይኑ ጠፍቶበት ነበር።