ፕላዮሜትሪክ በፊዚዮቴራፒ፦ ከጉዳት በኋላ ወደ ዝላይ መመለስ

ፕላዮሜትሪክ ጡንቻው በፍጥነት ተለጥጦ ወዲያው እንዲኮማተር የሚያደርግ የልምምድ ዓይነት ነው። ገመድ መዝለል፣ በአንድ እግር እንጣጥ ማለት፣ ከሳጥን ላይ ዱብ ብሎ ሳይቆዩ ወደ ላይ መዝለል፣ ከባድ ኳስ ተቀብሎ መልሶ መወርወር ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ። ዘዴው የተፈለሰፈው ለጤነኛ አትሌት ቢሆንም፣ ከጉልበት፣ ከቁርጭምጭሚትና ከትከሻ ጉዳት ለሚያገግሙ ሰዎች እንዲስማማ አድርጎ የቀረጸው የፊዚዮቴራፒ ሙያ ነው።

አመጣጡ

መሠረቱ የተጣለው በሶቪየት ኅብረት ነው። የዝላይ አሰልጣኝ የነበረው ዩሪ ቬርኮሻንስኪ የሥሉስ ዝላይ አትሌቶችን ሲከታተል፣ እግራቸው መሬት በሚነካባት ከሩብ ሰከንድ ባነሰች ቅጽበት ከሰውነታቸው ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ጭነት እንደሚሸከሙ አስተዋለ። ያንኑ ጭነት በልምምድ ለመፍጠር አትሌቶቹን ከከፍታ ዱብ እያደረገ ወዲያው ያዘልላቸው ጀመር። በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጽሑፍ ያወጣው ይህ ዘዴ «የድንጋጤ ዘዴ» ይባል ነበር። ከፍታው ከ75 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.10 ሜትር ይደርስ ስለነበር ቬርኮሻንስኪ ራሱ በአንድ ቀን ከ40 ዝላይ እንዳያልፍ፣ ለበሰለ አትሌት ብቻም እንዲሰጥ አሳስቧል። ይህ ማሳሰቢያ ከዘዴው ጋር እኩል አልተሰራጨም።

በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ የሶቪየቱ ቫለሪ ቦርዞቭ 100 እና 200 ሜትርን አሸነፈ። ድሉን ለዝላይ ልምምድ የሚሰጡ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ የተጋነነ ይመስላል፣ የምዕራቡን ዓለም ዓይን የከፈተ ግን እሱ ነው። «ፕላዮሜትሪክስ» የሚለውን ስም በ1975 ያወጣው አሜሪካዊው ፍሬድ ዊልት ነው። ዊልት በኦሎምፒክ የሮጠ የረጅም ርቀት ሯጭ ሲሆን እንጀራው ግን የኤፍቢአይ መርማሪነት ነበር። ስሙ «የበለጠ» እና «ልኬት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ነው። ዛሬ ማንኛውም ዝላይ በዚህ ስም ይጠራል፤ ከጥንቱ የድንጋጤ ዘዴ ጋር ያለው ልዩነት የጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት ይሠራል

እያንዳንዱ ዝላይ ሦስት ክፍል አለው፦ ጡንቻው እየተለጠጠ ጭነቱን የሚቀበልበት፣ ከመለጠጥ ወደ መኮማተር የሚዞርበት አጭር ሽግግር፣ በመጨረሻም ሰውነትን የሚያስፈነጥርበት። ቁልፉ ሽግግሩ ነው። ጅማት እንደ ሞላ ያጠራቀመው ኃይል ሽግግሩ ከረዘመ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። በጡንቻው ውስጥ ያሉ የመለጠጥ ጠቋሚዎችም በነርቭ በኩል መኮማተሩን ያፋጥናሉ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

ለምን ለማገገሚያ?

አንድ ታካሚ ከባድ ክብደት እያነሳ፣ የጭኑ ጡንቻ ሞልቶ፣ ከትንሽ ዝላይ ሲወርድ ግን ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። ጡንቻ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ከ0.3 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት፣ ማለትም ኤሲኤል፣ ከንክኪ ውጭ ሲበጠስ ግን በቪዲዮ ትንተና እንደታየው ጉዳቱ የሚደርሰው እግር መሬት በነካ በ50 ሚሊሰከንድ (0.05 ሰከንድ) ውስጥ ገደማ ነው። ስለዚህ ጡንቻው ከመሬት በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፤ ይህን ደግሞ ክብደት ማንሳት ብቻውን አያስተምርም።

ለመጀመር የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ መገጣጠሚያው አላበጠም፣ እንቅስቃሴው ሙሉ ነው ወይም ሊሞላ ተቃርቧል፣ ታካሚው ሳያነክስ ይራመዳል፣ በአንድ እግር ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ከእግር ጣቶቹ መስመር አይወጣም፣ የተጎዳው እግር ጥንካሬም ከጤነኛው ከ70 እስከ 80 በመቶ ደርሷል። ኤሲኤል በቀዶ ሕክምና ለተተካለት ሰው ቀላል የሁለት እግር ዝላይ በአብዛኛው ከ12ኛው ሳምንት ገደማ በፊት አይሰጥም፤ የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመጠንከሩ በፊት ይደክማልና። ሳምንት መቁጠር ብቻውን ግን ፈቃድ አይሆንም።

በድሮ መመሪያዎች የሚገኘው «የክብደትህን 1.5 እጥፍ ተሸክመህ ቁጢጥ ብለህ ካልተነሳህ አትዝለል» የሚል ደንብ የተነገረው ለከባድ የዝላይ ዓይነቶች ነበር። ለሁሉም ዝላይ መለኪያ ማድረጉ ስህተት ነው፤ ገመድ የምትዘል ሕፃን ማንም እንዲህ ያለ ፈተና አያቀርብላትም።

አካሄዱ

ትምህርቱ ከመውረድ ይጀምራል። ታካሚው በእግሮቹ ጣቶች ላይ ቆሞ ድንገት ዝቅ ይልና አቋሙን ይይዛል፤ ቀጥሎ ከዝቅተኛ ደረጃ ዱብ ብሎ ይቆማል። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት እዚህ ላይ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ጆሮውንም ይጠቀማል፦ ሁለቱ እግሮች እኩል ካልጮሁ አንዱ ጭነቱን እየሸሸ ነው። ክብደት ለመቀነስ ገንዳ ይረዳል፤ ውኃ እስከ ወገብ ሲደርስ የሰውነትን ክብደት ግማሽ ያህል፣ እስከ ደረት ሲደርስ ደግሞ ከዚያ የሚበልጠውን ይሸከማል።

ከዚያ ወደ ሳጥን ላይ መዝለል ይመጣል። የሚያስፈራው ይህ ይመስላል፤ ሳጥኑ ግን ሰውየውን ከፍ ብሎ ስለሚቀበለው የአወራረዱ ጭነት ያንሳል። ከባዱ ከሳጥን መውረዱ ነው። በቦታ መዝለል ወደፊት፣ ወደ ጎንና በመዞር ወደ መዝለል፣ ሁለት እግርም ወደ አንድ እግር ይሸጋገራል። የቬርኮሻንስኪ ዓይነቱ ከፍታ ዝላይ መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ታካሚ ጭራሽ አያስፈልገውም።

መጠኑ የሚለካው እግር መሬት በነካበት ቁጥር ነው። ለጤነኛ ጀማሪ ስፖርተኛ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ይባላል፤ ታካሚ ከዚያ በታች ይጀምራል። በሁለት ከባድ ክፍለ ጊዜዎች መካከል ከ48 እስከ 72 ሰዓት እረፍት ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ወለል ይጎዳል፤ በጣም ወፍራም ፍራሽም ሽግግሩን ስለሚያረዝም ልምምዱን ዋጋ ያሳጣዋል። በማግስቱ እብጠት ከጨመረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

የተረከዝ ጅማት ሕመም ላለበት ሰው በስዊድን የተዘጋጀ የሕመም መከታተያ አለ፦ ከ0 እስከ 10 በሚለካ ሚዛን እስከ 5 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ያልጠገገ ስብራት፣ ትኩስ ቁስለት ወይም የላላ መገጣጠሚያ ላለበት ግን ዝላይ አይሰጥም።

ወደ ስፖርት ለመመለስ በአንድ እግር የሚደረጉ አራት የዝላይ ፈተናዎች (ሦስቱ በርቀት፣ አንዱ በጊዜ የሚለኩ) ይሰጣሉ፤ የተጎዳው እግር የጤነኛውን 90 በመቶ ካሟላ አለፈ ይባላል። ድክመቱ ግን ጤነኛው እግርም በእረፍቱ ወራት መድከሙ ነው፤ ሁለቱም ደክመው እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ወደፊት በሚደረግ ዝላይ ዳሌና ቁርጭምጭሚት የጉልበትን ድክመት ይሸፍኑለታል፤ ወደ ላይ መዝለል ግን ያጋልጠዋል። በ2016 በወጣ ጥናት ከኤሲኤል ቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለሱ በዘገየ በየወሩ ዳግም የመጎዳት መጠን በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ለትከሻ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፦ በሁለት እጅ ከደረት መወርወር፣ ከራስ በላይ መወርወር፣ ከዚያ በኋላ አንድ እጅ። ለሁለት እጅ ጥቂት ኪሎ የሚመዝን ኳስ ይበቃል፤ ክንድ በጎን ተዘርግቶ ክርን ታጥፎ ግድግዳ ላይ ለሚነጥረው የአንድ እጅ ልምምድ ግን አንድ ኪሎ ያህል ይበቃል።