«በሁለት ኦይስተር መካከል አንትር ደሜር»፦ ፈረንሳዮች ምን ማለታቸው ነው?

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ አካባቢ፣ ኦይስተር (በዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ በጥሬው የሚበላ የባሕር እንስሳ) ሲቀርብ አንድ አባባል አብሮ ብቅ ይላል፦ «አንትር ደዝዊትር፣ አንትር ደሜር»። ቃል በቃል «በሁለት ኦይስተር መካከል፣ በሁለት ባሕር መካከል» ማለት ነው። እንዲህ ሲተረጎም ጨዋታው ይጠፋል። ሁለተኛው ሐረግ የነጭ ወይን ጠጅ ስም መሆኑን ያላወቀ ሰው ሰሙን ይዞ ይቀራል። ወርቁ ይኸው፦ አንዱን ኦይስተር ዋጥ አድርገህ ሌላውን እስክታነሳ፣ መሃል ላይ አንድ ጉንጭ አንትር ደሜር ጠጣ።

የጥንት ሽማግሌ ተረት እንዳይመስላችሁ። ገበያ ገበያ ይሸታል። የወይን አምራቾቹ መፈክር ነው ብንል አልተሳሳትንም። ቢሆንም ቤት ስለሚመታ ከአፍ አይወርድም።

እኔን የሳበኝ ግን ስሙ ነው። ካርታውን ብታዩ በዚያ አገር ሁለት ባሕር የለም። ያሉት ሁለት ወንዞች ናቸው። ጋሮን ከፒሬኔ ተራሮች ይመጣል፣ ዶርዶኝ ደግሞ ከመካከለኛው የፈረንሳይ ደጋ። ቤክ ዳምቤስ የሚባል ቦታ ላይ ተገናኝተው ዢሮንድ ይሆኑና ወደ አትላንቲክ ይገባሉ። ታዲያ ባሕሩ ከየት መጣ? ከማዕበሉ። ውቅያኖሱ ሲሞላ ውኃው ወንዞቹን ሽቅብ ይገፋቸዋል፤ ከባሕር ርቆ የሚኖር ገበሬ ሳይቀር ወንዙ ወደ ኋላ ሲሄድ ያያል። ማስካሬ የሚሉት ሞገድም አለ። ዶርዶኝ ዳር ያለችው ሳን ፓርዶን መንደር ላይ ሰዎች በዚሁ የወንዝ ሞገድ ላይ በሰሌዳ ይንሸራተታሉ። እንዲህ የሚነፋና የሚጎድል ውኃ ባሕር ቢባል አይፈረድም። እኛስ ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለን የለ?

በወንዞቹ መካከል ያለው መሬት ኮረብታማ ነው። ላ ሶቭ ማዦር የተባለው ገዳም በ1079 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ሲመሠረት ቦታው ትልቅ ጫካ ነበር። ጫካውን መንጥረው ካለሙት መካከል መነኮሳቱ ይገኙበታል። «አንትር ደሜር» የሚለው ስም በሕግ የተከለለው በ1937 ነው። ለረጅም ዓመታትም ደረቅ ነጭ ወይን ላይ ብቻ ነበር የሚጻፈው። ከዚያው ማሳ የሚወጣው ቀይ «ቦርዶ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ወይኑ የሚጠመቀው በዋናነት ሶቪኞን ብላንና ሴሚዮን ከሚባሉ የወይን ዘሮች ነው፤ ሙስካዴል የሚባል ሽታው ደስ የሚል ዘርም ይጨመርበታል። ቀለል ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ወይን ነው። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ በልጅነቱ ይጠጣል። ለልጅ ሠርግ ብሎ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው።

ከኦይስተር ጋር የተጋባው በዚህ ሎሚነቱ ነው። ኦይስተሩ ጨዋማ ነው፣ ወይኑ ኮምጠጥ ያለ። ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ለምን ሆነና! ቀይ ወይን ግን ከባሕር ነገር ጋር አፍ ውስጥ ብረት ብረት ሊል ይችላል። ጉርብትናም ረድቷቸዋል፤ ኦይስተር የሚረባበት የአርካሾን ባሕረ ሰላጤ ከቦርዶ ሩቅ አይደለም። የአካባቢው ሰው በጥሬው ኦይስተር ላይ ትኩስ ቋሊማ አስከትሎ ይበላል። ለኔ እንግዳ ጥምረት ነው፤ እነሱ ግን በገና ሰሞን አይለቁትም።

ቁርጥ ለለመደ ሐበሻ ጥሬነቱ አያስደነግጥም። የሚያስቸግረው «ክንፍና ቅርፊት የሌለው» የሚለው የኦሪት ቃል ነው። ብዙዎቻችን ኦይስተርን ከገበታ የምናስወጣው በዚያ ነው። ችግር የለም፣ ይህ ወይን ዓሣም ይወዳል። የባቱ ወይም የሐዋሳ ዓሣ ኮተሌት ሎሚ ተጨምቆበት ቢቀርብ ደስ ይለዋል። የፍየል አይብም ይስማማዋል። ዶሮ ወጥ ፊት ግን አታቅርቡት፤ በርበሬው ይውጠዋል። አዋዜም እንደዚያው።

ከቦርዶ የሚያገናኘን ሌላም ክር አለ። ባቱ ላይ ወይን ተክሎ «ሪፍት ቫሊ» የተባለውን ወይን የጀመረው የፈረንሳዩ መጠጥ ኩባንያ ካስቴል መነሻው ቦርዶ ነው። የሪፍት ቫሊ ነጩ ሻርዶኔ ከሚባል ሌላ የወይን ዘር የሚሠራ ስለሆነ የአንትር ደሜር ወንድም ነው ማለት አይቻልም። ከዓሣ ጋር ግን አያሳፍርም። አባባሉንም ወደኛ ገበታ ላምጣው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ «በሁለት ኮተሌት መካከል፣ ሪፍት ቫሊ»። ቤት አልመታም።