የኔዘርላንድስ ንጉሣውያን ቤተሰብ፦ የግል ሕይወት፣ ወግና የሕዝብ ጉጉት

የኔዘርላንድስ ዙፋን የኦራንየ-ናሳው ቤት ነው። ከስፔን አገዛዝ ለመላቀቅ የተደረገውን ትግል የመሩት የኦራንየው ልዑል ቪለም በ1584 ደልፍት ከተማ ውስጥ በጥይት ተገድለው እዚያው ከተቀበሩ ወዲህ የሀገሪቱና የቤተሰቡ ታሪክ ተጋምዶ ኖሯል፤ የዛሬው ንጉሣዊ መንግሥት ግን የቆመው በ1815 ነው። ይህ ዳሰሳ የዘውዱን የፖለቲካ ታሪክ አይተርክም። የሚያተኩረው ሕዝቡ ስለ ቤተሰቡ ጋብቻ፣ ኑሮ፣ ወግና ገመና ለማወቅ ባለው ጉጉት፣ ጉጉቱም ቤተ መንግሥቱን እንዴት እንደቀረጸው ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጉጉቱ ከወሬ ፍቅር ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሕገ መንግሥታዊ መሠረት አለው። ከ1848 ጀምሮ ንጉሡ አይጠየቁም፤ ስለ እሳቸው ንግግርና ተግባር በፓርላማ ፊት መልስ የሚሰጡት ሚኒስትሮች ናቸው። ስለዚህ ንጉሡ ለዕረፍት የት እንደሄዱ ወይም አልጋ ወራሿ ምን ያህል አበል እንደሚቀበሉ የሚነሣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ይደርሳል። ጋብቻም እንዲሁ ነው። ዙፋኑን የመውረስ ተራ ያለው ሰው ፓርላማው በሕግ ሳይፈቅድለት ካገባ ተራውን ያጣል። በዚህም ምክንያት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ቤተሰቡን ካናወጡት ጉዳዮች ብዙዎቹ የጋብቻ ጉዳዮች ነበሩ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ሦስቱ ቪለሞች የየራሳቸው የቤተሰብ ጭቅጭቅ ነበራቸው። በቤተሰቡና በሕዝቡ መካከል ዛሬ የሚታየው ቅርበት የተጀመረው ግን በንግሥት ዊልሄልሚና ልጅነት ነው። ነሐሴ መጨረሻ 1885 ላይ ዑትሬክት ከተማ የትንሿን ልዕልት አምስተኛ የልደት በዓል አከበረች። አባታቸው ቪለም ሣልሳዊ በ1890 ሲሞቱ ዊልሄልሚና የአሥር ዓመት ልጅ ስለነበሩ እናታቸው ንግሥት ኤማ ሞግዚት ሆነው አገሪቱን አስተዳደሩ፤ ልጃቸውንም ይዘው በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ ከሕዝቡ ጋር አስተዋወቋቸው። ይህ የኤማ አርቆ አሳቢነት ዘውዱን ታድጎታል ማለት ይቻላል።

የልደት በዓሉ ከንግሥቶቹ ጋር ቀኑን እየቀያየረ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በዊልሄልሚና ልጅ በንግሥት ዩሊያና ዘመን ከ1949 ጀምሮ ወደ ኤፕሪል 30 ተዛወረ። ልጃቸው ቤያትሪክስ የራሳቸው ልደት በጃንዋሪ ብርድ ላይ ስለሚውል ለእናታቸው ክብር በዚያው ቀን አጸኑት። ከ2014 ወዲህ የንጉሥ ቪለም-አሌክሳንደር ልደት በሆነው ኤፕሪል 27 ይከበራል፤ ቀኑ እሑድ ከዋለ አንድ ቀን ይቀድማል። በዚያን ዕለት ልጆች ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ ዘርግተው አሮጌ መጫወቻቸውን ይሸጣሉ፣ ሕዝቡም የኦራንየ ቤት ቀለም የሆነውን ብርቱካናማ ለብሶ ይወጣል። ዩሊያና ሱስትዳይክ በሚባለው ቤተ መንግሥታቸው ደረጃ ላይ ቆመው በአበባና በስጦታ የሚያልፈውን ሰልፍ ይቀበሉ ነበር። ቤያትሪክስ ይህን ገልብጠው ራሳቸው ወደ ከተሞቹ መሄድ ጀመሩ። አልጋ ወራሽ የነበሩት ቪለም-አሌክሳንደር በ2012 ሬነን ከተማ ላይ የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ በመወርወር ውድድር ሲሳተፉ መታየታቸው ልማዱ ምን ያህል እንደላላ ያሳያል። በ2009 አፐልዶርን ላይ አንድ ሰው ቤተሰቡን በያዘው አውቶቡስ ላይ በማነጣጠር መኪናውን በሕዝቡ መሐል ነድቶ ሰባት ሰዎችን ገድሏል፤ እሱም ሞቷል። በዓሉ ግን አልቀረም።

ስለ ወጉ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የዘውዱ ጉዳይ ነው። የኔዘርላንድስ ነገሥታት ዘውድ አይጭኑም። አምስተርዳም በሚገኘው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘውዱ፣ በትረ መንግሥቱና ሉሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ንጉሡ ከፊታቸው ቆመው ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ ለመሆን ይምላሉ፣ የፓርላማ አባላትም በተራቸው ቃል ይገባሉ። ዙፋንን በሕይወት እያሉ መልቀቅም የቤቱ ልማድ ሆኗል፤ ዊልሄልሚና በ1948፣ ዩሊያና በ1980፣ ቤያትሪክስ በ2013 ለልጆቻቸው አስረክበዋል። ልደትም የራሱ ሥርዓት አለው። እኛ ዘንድ አራስ ጠያቂ ገንፎ እንደሚቀርብለት፣ እዚያ ቅቤ የተቀባ ክብ ደረቅ ብስኩት ላይ በስኳር የተለበጠ አኒስ የተባለ ቅመም ተነስንሶ ይቀርባል። በ1938 ልዕልት ቤያትሪክስ ሲወለዱ ስኳሩ ብርቱካናማ ሆኖ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የንጉሣዊ ልደት ምልክት ነው።

ከሁሉም በላይ በሰፊው የተጻፈለት የዩሊያና ዘመን ነው። ንግሥቲቱ በብስክሌት የሚሄዱ፣ ልጆቻቸውን ከሌሎች ልጆች ጋር ትምህርት ቤት የላኩ እናት በመሆናቸው ይወደዱ ነበር፤ ፍቅሩም የሚገባቸው ነበር። ይሁን እንጂ በ1947 የተወለዱት አራተኛዋ ልጃቸው ልዕልት ክሪስቲና፣ እናታቸው በእርግዝና ጊዜ ሩቤላ ስለያዛቸው፣ ዓይናቸው በጣም ደካማ ነበር። በ1948 የዩሊያና ባለቤት ልዑል በርንሃርት በጸሎት ይፈውሳሉ የተባሉትን ግሬት ሆፍማንስን ወደ ቤተ መንግሥት አስገቡ። ሴትዮዋ ልጅቷን ሊያድኑ አልቻሉም፤ በንግሥቲቱ ዘንድ ግን የታመኑ ሆኑ፣ ቤተ መንግሥቱም በሁለት ጎራ ተከፈለ። የሀገር ውስጥ ጋዜጦች ጉዳዩን እያወቁ ዝም አሉ። በጁን 1956 ዴር ሽፒግል የተባለው የጀርመን መጽሔት አፈነዳው። ወሬውን ያወጡት ልዑሉ ራሳቸው ናቸው የሚለው አስተያየት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ያመዘነ ነው። መንግሥት በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር በቤል የሚመራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቁሞ ንግሥቲቱ ከሆፍማንስ እንዲለዩ ተደረገ፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ የቀረበው ግን በ2008 ነው። ትዳር እስከ መፍረስ የደረሰ ጉዳይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ታሽጎ መቀመጡ ያን ጊዜ መንግሥትም ጋዜጠኛም ለዘውዱ ያሳዩትን ጥንቃቄ ያመለክታል።

ከዚያ በኋላ ዝምታው እየተሰበረ ሄደ። በ1964 ልዕልት ኢሬነ ወደ ካቶሊክ እምነት ገብተው የስፔን ዙፋን ይገባኛል ከሚል ቤተሰብ የተወለዱትን ልዑል ካርሎስ ኡጎን ያለ ፓርላማ ፈቃድ ሮም ላይ አገቡ፤ ወላጆቻቸው በሠርጉ ላይ አልተገኙም። በሜይ 1965 ደግሞ ደ ቴሌግራፍ ጋዜጣ በድራከንስታይን ግንብ የአትክልት ቦታ ልዕልት ቤያትሪክስ ከአንድ ረጅም ሰው ጋር ሲንሸራሸሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ። ሰውየው ጀርመናዊው ዲፕሎማት ክላውስ ፎን አምስበርግ ነበሩ። በወጣትነታቸው በሂትለር የወጣቶች ድርጅትና በጀርመን ጦር ውስጥ ስለነበሩ፣ የጀርመን ወረራ ካበቃ ገና ሃያ ዓመት በሆነው ሕዝብ ዘንድ ቁጣው ከባድ ነበር። ፓርላማው ፈቀደ፤ በማርች 10 ቀን 1966 ግን የሠርጉ ሠረገላ በአምስተርዳም ጎዳናዎች ሲያልፍ የጭስ ቦምብ ተወረወረበት። ክላውስ ከዚያ በኋላ ባሳዩት ጨዋነትና ለአፍሪካ በነበራቸው ልባዊ ቅርበት ከቤተሰቡ በጣም ተወዳጅ ሰው ሆኑ። ልጅነታቸውን በከፊል ያሳለፉት በያኔዋ ታንጋኒካ ነው። በ1998 የአፍሪካ የአልባሳት ጥበብ በስማቸው በተሰየመው ሽልማት በተከበረበት ምሽት፣ በተሰብሳቢው ፊት ክራቫታቸውን ፈተው ንግሥቲቱ እግር ሥር ጣሉት። በ2002 ሲያርፉ የቀድሞው ቁጣ ከነጭራሹ ተረስቶ ነበር።

የልዑል በርንሃርት ጉዳይ ይከብዳል። በ1976 ከአሜሪካው የአውሮፕላን ኩባንያ ሎክሂድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ተቀብለዋል በሚል ተመርምረው ወታደራዊ ኃላፊነታቸውን ተነጠቁ፣ ዩኒፎርም እንዳይለብሱም ተከለከሉ፤ ክስ ግን አልተመሠረተባቸውም። በዲሴምበር 2004 ባረፉ በቀናት ውስጥ ደ ፎልክስክራንት ጋዜጣ ባወጣው ቃለ ምልልሳቸው ገንዘቡን መቀበላቸውንና ከጋብቻ ውጭ ልጆች እንዳሏቸው አምነዋል። የናዚ ፓርቲ አባል ነበሩ የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው ክደው ኖረዋል፤ በ2023 የአባልነት ካርዳቸው ከራሳቸው ወረቀቶች መካከል መገኘቱ ተገለጸ። ልዑሉ በጦርነቱ ዘመን ለሀገሪቱ የሰጡት አገልግሎት ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ መታየት ይኖርበታል የሚሉ ዛሬም አሉ።

በቤያትሪክስ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ያዘ። ንግሥቲቱ ሥራቸውን በጥብቅ ይመሩ ስለነበር ስለ ግል ኑሯቸው የወጣ ነገር ጥቂት ነው፤ ጉጉቱ ወደ ልጆቻቸው ዞረ። ቪለም-አሌክሳንደር በ2002 አርጀንቲናዊቷን ማክሲማ ሶሬጊዬታን ሲያገቡ፣ የሙሽራይቱ አባት በአርጀንቲናው የቪዴላ ወታደራዊ አገዛዝ የግብርና ኃላፊ ስለነበሩ በሠርጉ ላይ እንዳይገኙ ተደረገ። በቤተ ክርስቲያኑ የታንጎ ዜማ ሲሰማ ሙሽራይቱ ማልቀሳቸውን ሀገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ፤ ልቡንም ሰጣቸው። የቪለም-አሌክሳንደር ወንድም ልዑል ፍሪሶ በ2004 የፓርላማ ፈቃድ ሳይጠየቅላቸው አግብተው ከዙፋን ተራ ወጡ። በ2012 ሌህ በተባለችው የኦስትሪያ መንደር የበረዶ ናዳ ወደቀባቸው፤ በተከታዩ ዓመት አረፉ።

በ2005 የመንግሥት የኢንፎርሜሽን አገልግሎት የመገናኛ ብዙኃን ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ፎቶግራፍ አንሺዎች ቤተሰቡን በግል ጊዜው ይተዉታል፤ በምላሹ በተወሰኑ ቀናት ልጆቹን ይዘው ለካሜራ ይቀርባሉ። አሶሺዬትድ ፕሬስ በ2009 አርጀንቲና ላይ የተነሡ የዕረፍት ፎቶግራፎችን ሲያሰራጭ ልዑል ቪለም-አሌክሳንደር አምስተርዳም ላይ ከሰው ረቱ። ጋዜጠኞች ደንቡን እንደ ልጓም ይነቅፉታል። ሦስቱ የቪለም-አሌክሳንደር ሴት ልጆች ከሞላ ጎደል እንደ ማንኛውም ልጅ ትምህርት ቤት ተመላልሰው ማደጋቸው ግን ያለ እሱ የሚታሰብ አልነበረም።

ንጉሡ ራሳቸው የሚገልጧቸው ነገሮችም አሉ። በ2017 ለዓመታት በወር ሁለት ጊዜ ያህል የኔዘርላንድስ አየር መንገድ የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ ሆነው መንገደኛ ሲያጓጉዙ መኖራቸውን ተናገሩ፤ በማይክሮፎን ሰላምታ ሲያቀርቡ ስማቸውን ስለማይጠሩ በድምፃቸው የሚለዩአቸው ጥቂቶች ነበሩ። በ2020 የኮሮና ገደብ በጸናበት ወቅት ግሪክ ለዕረፍት ሄደው ሕዝቡ ሲቆጣ ወዲያው ተመልሰው ከንግሥቲቱ ጋር በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቁ። አልጋ ወራሿ ካታሪና-አማሊያ በ2021 ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው የሚገባቸውን አበል ተማሪ እስካሉ ድረስ እንደማይወስዱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በደብዳቤ አሳወቁ። በ2022 ግን በደረሰባቸው ዛቻ ምክንያት አምስተርዳም የነበረውን የተማሪ ቤታቸውን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ፤ ከዚያም ከአንድ ዓመት በላይ ማድሪድ መቆየታቸው የታወቀው በ2024 ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት በጉብኝት የተወሰነ ነው፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ኔዘርላንድስን ጎብኝተዋል፣ ንግሥት ዩሊያና በ1969 አዲስ አበባ መጥተዋል፣ ንግሥት ማክሲማም በ2019 በተባበሩት መንግሥታት ተልእኳቸው ስለ ፋይናንስ ተደራሽነት ለመነጋገር መጥተው ነበር።

ጉጉቱ አሁን ወደ ኋላ ታሪክም ዞሯል። የአምስተርዳም ሕዝብ በ1898 ለዊልሄልሚና ያበረከተው የወርቅ ሠረገላ፣ በአንድ ጎኑ የቅኝ ተገዢዎች ግብር ሲያቀርቡ የሚያሳይ ሥዕል ስላለበት፣ ንጉሡ በ2022 መጀመሪያ ለጊዜው እንደማይጠቀሙበት አስታወቁ። በዚያው ዓመት ቤተሰቡ በቅኝ ግዛት ታሪክ የነበረው ድርሻ በገለልተኛ ወገን እንዲጠና አዘዙ። ቤተሰቡን የሚመለከቱ ሰነዶች የሚገኙበት ሄግ ያለው የንጉሣዊ ቤት ማኅደር በ1825 የተቋቋመ ሲሆን፣ አጥኚዎች የሚገቡበት በፈቃድ ነው።