ማትሪክ ስላላለፈ ልጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያውም ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ። ከቀረው አብዛኛው ቤቱ ገባ። ከዚያ በየቤቱ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ።

“ተኝቶ የሚውለው ሰነፍ ስለሆነ ነው።”
ሁሌ አይደለም። ፍላጎት መጥፋቱ ራሱ ከድባቴ (ዲፕሬሽን) ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ኳስ ሲባል እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ የዋንጫ ጨዋታ አምልጦት ምንም ካልመሰለው ጠርጥሩ። ሰነፍ ጥናት ይጠላል እንጂ ኳስ አይጠላም።

“እሱ እንኳን በራሱ የሚተማመን ልጅ ነው፣ አይነካውም።”
ብዙ ቤት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ራስን ዝቅ አድርጎ ማየት ለድባቴ እንደሚያጋልጥ እውነት ነው። ግን በራስ መተማመኑ ምን ላይ ቆሟል? አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄኒፈር ክሮከር ከባልደረቦቿ ጋር ለድኅረ ምረቃ ያመለከቱ ተማሪዎችን ተከታትላ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። የራሳቸውን ዋጋ በትምህርት የሚለኩት “ተቀብለናችኋል” ሲባሉ ከሌሎቹ በላይ ከፍ ይላሉ፤ “አልተቀበልናችሁም” ሲባሉ ደግሞ ከሌሎቹ በታች ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሌላ የኮሌጅ ተማሪዎች ጥናት ደግሞ ቀድሞም ከፋ ብሏቸው የነበሩትን ይህ መዋዠቅ አባሰባቸው። ስለዚህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ “ጎበዙ” እየተባለ ያደገው፣ ዘመድ ሁሉ “ዶክተሬ” የሚለው ልጅ ነው ይበልጥ የሚያሰጋኝ። ውጤቱ ሲሄድ ስሙም አብሮ ይሄድበታል።

“ካላሳፈሩት አይነሳም።”
“የጎረቤት ልጅ አልፋ አንተ…” ሲባል ደብተር ይገልጥ ይሆናል። ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ራያንና ጄምስ ኮኔል እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ሀፍረትን ሸሽተው የሚያጠኑ ልጆች ይበልጥ ይጨነቃሉ፤ ውድቀትንም መሸከም ይከብዳቸዋል። ወደው ወይም ጥቅሙ ገብቷቸው የሚያጠኑት ይሻላሉ።

“ሙዱ ይምጣለት፣ ከዚያ ይነሳል።”
ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ፊት መታጠብ፣ ሱቅ ደርሶ ዳቦ ገዝቶ መምጣት ይቀድማል፤ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ለድባቴ ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

“ሐኪም ቤት? አማኑኤል ልትወስዱት ነው እንዴ!”
ቢወሰድስ? ደግሞም የአእምሮ ሕክምና በሌሎች ሆስፒታሎችም አለ። ሁኔታው ሁለት ሳምንት ካለፈው ውሰዱት። “ብሞት ይሻለኛል” ካለ ግን ዛሬውኑ፣ ብቻውንም አትተዉት።