«አድጀስትመንት ኦፍ ስታተስ» ምንድን ነው? ቪዛ ካለፈ በኋላ በትዳር ግሪን ካርድ ማግኘት

«ቪዛዬ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሲቲዝን ባገባ አገር ቤት ሳልመለስ ግሪን ካርድ አገኛለሁ ወይ?» አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ይህን ጥያቄ ወይ ጠይቋል ወይ ተጠይቋል። መልሱ እንደ መላሹ ነው። አንዱ «አትስጊ፣ ምንም ችግር የለም» ይላል። ሌላው «አንዴ ካሳለፍሽ አበቃ፤ አዲስ አበባ ሄደሽ ነው የምትጨርሺው» ይላል። ይህን ሁለተኛውን ምክር ሰምቶ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ከትዳር ጓደኛው ለዓመታት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይበጃል።

በጋብቻ ግሪን ካርድ የሚገኝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከውጭ ሆኖ፣ ለእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀርቦ፣ የኢሚግራንት ቪዛ ይዞ መግባት ነው። ሁለተኛው እዚያው አሜሪካ ውስጥ እያሉ፣ በጎብኚነት ወይም በተማሪነት የመጡበትን ሁኔታ ወደ ቋሚ ነዋሪነት ማስቀየር ነው። አድጀስትመንት ኦፍ ስታተስ የሚባለው ይኸኛው ነው። የሚገኘውም በአገሪቱ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ክፍል 245 ላይ ነው። አመልካቹ አይ-485 የተባለውን ቅጽ ይሞላል፣ የትዳር ጓደኛው ደግሞ ዝምድናውን የሚያስመሰክርበትን አይ-130ን።

ደንቡ ሲታይ ጥብቅ ነው፤ የቆይታ ጊዜው ያለፈበት ወይም ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው በዚህ መንገድ አይስተናገድም። ነገር ግን የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት ከሆነ ሕጉ እነዚህን ሁለቱን ያልፍለታል። ስድስት ወር ያሳለፈም አሥር ዓመት ያሳለፈም በዚህ ረገድ እኩል ነው። ነገሩን የሚወስነው ስንት ጊዜ እንደቆየ ሳይሆን እንዴት እንደገባና ማንን እንዳገባ ነው።

እንዴት እንደገባ የሚለውን እናስቀድም። ሰውየው አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ድንበር ላይ በኦፊሰር ፊት ቀርቦ፣ ተፈትሾ፣ እንዲገባ የተፈቀደለት መሆን አለበት። ማስረጃው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማኅተምና አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪዛው ላይ ያለው ቀን እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል እንጂ እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል አይናገርም። የመቆያውን ቀን የሚናገረው አይ-94 ነው፤ የሁለት ዓመት ቪዛ ይዞ የገባ ጎብኚ ስድስት ወር ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ከብራዚል ተነስተው፣ የዳሪየንን ጫካ አቋርጠው፣ በሜክሲኮ በኩል ያለ ፍተሻ የገቡ ወገኖቻችን ግን ሲቲዝን ቢያገቡም ይህ በር በአብዛኛው ዝግ ነው። ፓሮል (ቪዛ ሳይኖር የሚሰጥ ልዩ የመግቢያ ፈቃድ) የተሰጣቸው ወይም እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ ማመልከቻ ገብቶላቸው ሌሎቹንም መመዘኛዎች የሚያሟሉ ሰዎች ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው። በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ሠራተኝነት ቪዛ የገባም አይችልም። በእጮኛ ቪዛ የመጣ ሰው ደግሞ ባስመጣው ሰው በኩል ካልሆነ በሌላ ትዳር ማስቀየር አይችልም።

ማንን እንዳገባ የሚለውም ቀላል አይደለም። ባሏ በዲቪ የመጣና ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሴት ቪዛዋ ካለፈ ይህ ይቅርታ አይደርሳትም። ባሏ ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ ይኖርባታል። እሱ መሐላ በፈጸመ ዕለት የእሷም መንገድ ይከፈታል፤ ቀድሞ ያስገባላት አይ-130 ካለም እንደ ዜጋ ሚስት ይቆጠርላታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከአገር የመውጣት ጉዳይ ነው። ከሚያዝያ 1 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ ከ180 ቀን በላይ ያለ ሕጋዊ ቆይታ የኖረ ሰው ከወጣ ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። እገዳው የሚነቃው በመውጣት ነው። እዚያው ሆኖ የሚያስቀይር ሰው አይነካውም፤ «አገር ቤት ሄጄ በኤምባሲ ልጨርስ» ያለው ግን ራሱ ላይ ያነቃዋል። ይቅርታ መጠየቂያ መንገድ አለ። እሱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ማስረዳትን ይጠይቃል፤ ጊዜም ይፈጃል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚፈተንበት ነገር መርዶ ነው። እናት ታማለች ወይም አርፋለች የሚል ስልክ ሲመጣ ማን ሕግ ያስባል? ማመልከቻ እየታየ እያለ ሳይፈቀድ መውጣት ማመልከቻውን እንደመተው ይቆጠራል፣ በዚያ ላይ ደግሞ እገዳው ይመጣል። አስቀድሞ በአይ-131 የሚጠየቅ አድቫንስ ፓሮል የተባለ የጉዞ ፈቃድ አለ፤ በእሱ የወጣ ሰው የ10 ዓመቱ እገዳ እንደማይነካው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ በ2012 እ.ኤ.አ. ወስኗል። ፈቃዱ እጅ ላይ ቢኖርም እንኳ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል፤ ተመልሶ የመግባት ዋስትና አይደለምና። ለቅሶውን እዚያው አሜሪካ ተቀምጦ ማሳለፍ ልብ ይሰብራል፤ ግን ልጆችና ትዳር ላለው ሰው ልዩነቱ የ10 ዓመት ነው።

ሌላው ስለ አገር ቤት ወረቀት ነው። ቀድሞ ያገባ ሰው ፍቺውን በፍርድ ቤት ውሳኔ ማሳየት አለበት። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍቺ የሚጸናው በፍርድ ቤት መሆኑን ይደነግጋል። ሽማግሌ ፊት ተስማምቶ መለያየት ብቻውን ፍቺ ስላልሆነ የአሜሪካውን ጋብቻ ያፈርሰዋል። ከዚህ የባሰም አለ። የጎብኚ ቪዛ ለማግኘት ሲል ያላገባ ሆኖ ሳለ «ባለትዳር ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ የሞላ ሰው አለ። ያ ቅጽ አይጠፋም፤ ከዓመታት በኋላ በቃለ መጠይቁ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ቪዛ በውሸት ማግኘት ራሱን የቻለ እንቅፋት ስለሆነ ከማመልከት በፊት ለጠበቃ አለመደበቅ ነው የሚያዋጣው።

ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት የአመልካቾቹ ድርሻ ነው። የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ ኢንሹራንስ፣ አብሮ የተሞላ ታክስ ይጠየቃል። የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በዘመድ ቤዝመንት ያለ ውል ይኖራል፣ ገንዘቡም እቁብ ውስጥ ነው። ትዳሩ እውነት ሆኖ ወረቀት የሌለው ስንት ነው! ስለዚህ ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ ስማቸውን በጋራ ማስመዝገብ፣ ካልሆነም የቤቱ ባለቤት እንዲመሰክር ማድረግ ይጠቅማል። ለወረቀት ብቻ የተደረገ ጋብቻ ከታወቀ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ሰውየው በኋላ ከልቡ ቢያገባ እንኳ በዚያ አዲስ ትዳር የሚገባለት ማመልከቻ ይከለከላል።

ማመልከቻ ማስገባት የሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ ያስችላል፤ ከመያዝ ግን ዋስትና አይሰጥም። በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሳንዲያጎ ለግሪን ካርድ ቃለ መጠይቅ የቀረቡ፣ ቪዛቸው ያለፈባቸው የዜጎች የትዳር ጓደኞች እዚያው መያዛቸው ተዘግቧል። በተለይ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ቀርቶ በሌለበት የመባረር ትእዛዝ የወጣበት ሰው ያለ ጠበቃ ወደ ቃለ መጠይቅ መግባት የለበትም።

ሁሉም ተሳክቶ ካርዱ ሲጸድቅ ትዳሩ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ካርድ ነው። ባልና ሚስት ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ፣ የሁለት ዓመቱ ገደብ እንዲነሳ የሚጠየቅበትን አይ-751ን በጋራ ማስገባት አለባቸው፤ ይህን ጊዜ የረሳ ሰው ያገኘውን ነዋሪነት መልሶ ሊያጣ ይችላል።