ከተጣራ ደም ውስጥ የሚቀሩ ነጭ ሴሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ የደም ልገሳ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ሰው ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ይጠይቃል። ስለ ደም ዓይነቱም ይጠይቃል። ስለ ነጭ የደም ሴል የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገጥመኝም። ወሬው ከተነሳ ደግሞ የተሳሳተው ይበዛል። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝና ጉዳዩ ከልቤ ያሳስበኛል።

«ነጭ ሴል በሽታ ተከላካይ አይደል? ለታማሚው ቢገባለት ምን ይጎዳዋል?»

የሚከላከለው ለባለቤቱ ነው። ሌላ ሰው ገላ ውስጥ ሲገባ ባዳ ነው። ደሙ ፍሪጅ ውስጥ በቆየ ቁጥር እነዚህ ሴሎች ትኩሳት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ደም እየተሰጠው ድንገት ብርድ ብርድ የሚለውና የሚያተኩሰው ሰው አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። ለዚህም ደሙ ከመቀመጡ በፊት ነጭ ሴሎቹን በሚያስቀር ማጣሪያ ቢጣራ ይመረጣል። ደም ደጋግሞ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሰውነቱ በእንግዶቹ ሴሎች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል። ያኔ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ቢሰጠው አልሠራ ይለዋል። ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስም የሚደበቀው ነጭ ሴል ውስጥ ነው።

«ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ምን ቀረና ነው የሚመረመረው?»

ይቀራል። አንድ ከረጢት ደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሴሎች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ጥሩ ማጣሪያ ከሺህ አንዱን እንኳ አያስቀርም፤ ዜሮ ግን አይሆንም። የአውሮፓ መመዘኛ በአንድ ከረጢት ከ1 ሚሊዮን በታች፣ የአሜሪካው ከ5 ሚሊዮን በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ማጣሪያው የማይሠራበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ የሲክል ሴል (ቀይ ሴልን ማጭድ የሚያስመስል የዘር በሽታ) ዘረመል የተሸከመ ለጋሽ ደም ማጣሪያውን ሊደፍነው ይችላል። ለጋሹ ራሱ ጤነኛ ነው፤ ምንም አያውቅም።

«ሲቢሲ ማሽኑ ይቆጥረው የለ እንዴ?»

ይሄን ከባለሙያም እሰማዋለሁ። ሲቢሲ ማለት የተለመደው የደም ሴል ቆጠራ ምርመራ ነው፤ እሱን የሚሠራው ማሽን የተሠራው በአንድ ማይክሮሊትር ውስጥ ሺዎችን ለመቁጠር ነው። 300 ሚሊሊትር ከረጢት ውስጥ 1 ሚሊዮን ነጭ ሴል ቀረ ማለት በማይክሮሊትር 3 ገደማ ነው። በዙሪያቸው ሚሊዮን ቀይ ሴል አለ። አንድ ኪሎ ቀይ ጤፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ነጭ ጤፍ እንደ መፈለግ በሉት። ማሽኑ እዚህ ላይ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም።

ታዲያ እንዴት ይቆጠራል? አንዱ መንገድ ናዦት የሚባለው መቁጠሪያ ስላይድ ነው። ቀይ ሴሎቹ በኬሚካል ይሟሟሉ፣ የነጮቹ ኒውክሊየስ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ነው። የተለመደው መቁጠሪያ ስላይድ 1 ማይክሮሊትር እንኳ አይቆጥርም፤ ናዦት 50 ይይዛል። ናሙናው አስር እጥፍ ቀጥኖ እንኳ ያ 1 ሚሊዮን የተባለው ከረጢት 16 ወይም 17 ሴል ያሳያል። በተለመደው ስላይድ ግን አንድም ላይታይ ይችላል። ባዶ አይተህ «ንጹህ ነው» ትላለህ! ሁለተኛው መንገድ ፍሎው ሳይቶሜትር ነው፤ ዲኤንኤ ላይ በሚጣበቅ ቀለም ሴሎቹን በሌዘር ብርሃን ይለያል። ዓይን አያደክምም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በሁለቱም መንገድ ናሙናው ሳይቆይ መቆጠር አለበት፤ ነጭ ሴል ቶሎ ይፈርሳል።

«እያንዳንዱ ከረጢት ይቆጠራል።» አይቆጠርም። ከተጣራው ውስጥ ጥቂቱ ተመርጦ ነው፣ ሥራው መስመር መያዙን ለማወቅ።

«የተጣራ ደም ከበሽታ ነጻ ነው።» አይደለም። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የቂጥኝ ምርመራ በቦታው አለ። ማጣሪያ አይተካውም።

«የእናቴ ልጅ ደም ይሻለኛል፤ ከተጣራ ደግሞ ምን ስጋት አለው?»

ይሄን የሚሉት በፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን የቅርብ ዘመድ ነጭ ሴል ከታማሚው ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነቱ እንደ ባዳ ላያየው ይችላል። ሴሉ ይራባል፣ መልሶም ታማሚውን ያጠቃል። እምብዛም አይከሰትም፤ ከተከሰተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ማጣራት ብቻውን አያድንም፤ ደሙ በጨረር መታከም አለበት። ለዘመዳችሁ ደም መስጠት ከፈለጋችሁ ደም ባንኩ ጋ ሄዳችሁ ለማንም እንዲሆን ለግሱ፤ ለእሱ የሚስማማውን ባንኩ ይመርጥለታል።

ቤተሰባችሁ ከዚህ በፊት ደም ሲወስድ አተኩሶት ከነበረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከረጢቱ ሳይሰቀል ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ንገሩ።